ከቤት ለቤት መጠይቅ እስከ ምርምር

(ምስል፦ ነጭ ጋውን የለበሱ ተማሪዎች በጅማ አንድ ቀበሌ ውስጥ መጠይቅ ይዘው በር ሲያንኳኩ)

በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የሚማር ሰው ከአዳራሹና ከዋርዱ ሌላ ሦስተኛ የመማሪያ ስፍራ አለው፤ እርሱም የነዋሪው ደጃፍ ነው። የዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርት ተማሪውን ከቡድን ጓደኞቹ ጋር ወደ ቀበሌዎች ይልከዋል። እዚያም የመጠጥ ውኃው ከየት እንደሚቀዳ፣ መጸዳጃ ቤት መኖሩን፣ ሕፃናቱ መከተባቸውን ጠይቆ ይመዘግባል፤ የሰበሰበውንም ተንትኖ ሪፖርት ያዘጋጃል። ይህ ሥራ ማርክ ከተያዘበት በኋላ መሳቢያ ውስጥ የሚቀር ወረቀት ሲሆን ማየት ያሳዝነኛል፤ ተማሪው የምርምርን ዋና ዋና እርምጃዎች ሳያውቀው አንድ ጊዜ ሄዶባቸዋልና።

(ምስል፦ በማይክሮስኮፕ የሚታይ የቆሽት ሕዋስ)

ምርምር ከተማሪነትና ከተራ ምልከታ ሊጀምር ይችላል። ፖል ላንገርሃንስ በበርሊን የሕክምና ተማሪ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1869 ባቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ በቆሽት ውስጥ ከሌሎቹ የተለዩ የሕዋሳት ስብስቦችን ገለጸ፤ ተግባራቸውን ግን እንደማያውቅ በግልጽ ጻፈ። የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ኢንሱሊን ከእነዚሁ ሕዋሳት እንደሚመነጭ የታወቀው እርሱ ካረፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። የአገራችን ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማም እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በሚገኘው ወራጅ ውኃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ዝም ብለው አላለፉም፤ ቢልሃርዚያ የተባለውን የጥገኛ ትል በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች በእንዶድ የማጥፋት ምርምር የተወለደው ከዚያ ምልከታ ነው።

(ምስል፦ የሕፃናት ዋርድ)

እንግዲህ ተማሪዎች፣ የምርምር ጥያቄያችሁን ከምታዩት ነገር አንሱ፤ ጠባብም አድርጉት። በሕፃናት ዋርድ የምትሠሩ ከሆነ «የሳንባ ምች በጅማ» የሚለውን ሰፊ ርዕስ ትታችሁ፣ እናቶች የሕፃኑ ትንፋሽ መፍጠን በጀመረ በስንተኛው ቀን እንደሚመጡና ምን እንዳዘገያቸው ጠይቁ። ስሌቱ የሚያስፈራችሁ ካላችሁ መረጃ ከመሰብሰባችሁ በፊት፣ ገና የምርምር ዕቅዱ (ፕሮፖዛሉ) ሲጻፍ፣ ስታቲስቲክስ የሚያውቅ መምህር አማክሩ።

ፕሮፖዛሉ በምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳይጸድቅ ማንንም አትጠይቁ። መጠይቁ ወደ አፋን ኦሮሞ ተተርጉሞ፣ እናትየዋ እንቢ ማለት እንደምትችልና እንቢታዋም የልጇን ሕክምና እንደማይነካ በሚገባት ቋንቋ ይነገራት። ጋውን የለበሰን ሰው እንቢ ማለት ለብዙ ሰው ከባድ ነውና፣ ይህን ቸል እንዳትሉ እለምናችኋለሁ።

ሥራው ሲያልቅ፣ እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ለሚዘጋጀው የኢትዮጵያ የጤና ሳይንስ መጽሔት ጽሑፋችሁን አቅርቡ። ከዚያ አስቀድማችሁ ግን፣ በራቸውን ከፍተው ወደ መለሱላችሁ ነዋሪዎች ተመልሳችሁ ያገኛችሁትን ንገሯቸው።