ሪፖርቱ ከተላከ በኋላ

ክቡራን እንግዶች፣ ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ የካርድ ክፍል ባልደረቦች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ እንደምን አደራችሁ!

ስለ ጤና መረጃ ሲነሳ ሁሉም ሰው ኮምፒውተር ይጠይቃል። እኔ ግን ከክትባት መዝገብ ልጀምር።

አምስት በሽታዎችን የሚከላከለው የፔንታ ክትባት ለሕፃን በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ይሰጣል። አንድ ጤና ጣቢያ የመጀመሪያውን ለ100 ሕፃናት ሰጠ እንበል። ሦስተኛውን የወሰዱት 78 ናቸው። ስለዚህ 22 በመቶ አቋርጠዋል፤ ከ10 በመቶ ካለፈ ደግሞ ችግር አለ ማለት ነው። ቁጥሩ ዲኤችአይኤስ 2 በተባለው የጤና ሪፖርት የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ይገባል። ወረዳ ያየዋል፣ ዞን ያየዋል። ሕፃናቱን ግን ማን ፈለጋቸው?

መዝገቡ እኮ የእናትን ስም፣ ቀበሌንና ቀጠሮን ይዟል። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ቢያገላብጠው፣ የቀሩት በብዛት ከአንድ ቀበሌ መሆናቸውን ሊያገኝ ይችላል። ምናልባት የክትባቱ ቀን ከገበያ ቀን ጋር ተጋጭቷል። ያኔ ቀኑን መቀየር ነው። ምናልባት ክረምት ገብቶ ወንዙ ሞልቷል። ያኔ ወዲያ ማዶ ሄዶ መከተብ ነው። ወይም ልጁን ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ አተኩሶት እናቱ ፈርታለች፤ መጠነኛ ትኩሳት የሚጠበቅ መሆኑን የነገራት የለም። እሷ ዘንድ መድረስ ያለባት የቤተሰብ ማኅደሩን፣ ማለትም የየቤቱን የጤና መረጃ፣ የያዘችው ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። እኛ ግን ብዙ ጊዜ «የግንዛቤ እጥረት» ብለን ጽፈን እንገላገላለን።

ሆስፒታል ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። «ካርድህ ጠፍቷል፣ አዲስ አውጣ» የተባለ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ አይጠፋም። ፔኒሲሊን እንደማይስማማው የተጻፈውም ከካርዱ ጋር ይጠፋል። ጥሩ የኤሌክትሮኒክ ማኅደር መድኃኒቱ ሲታዘዝ ሐኪሙን ያስጠነቅቃል፤ ያም ቢሆን ቀድሞ የሞላ ሰው ካለ ነው። የሌሊት ተረኛዋን ነርስ አንዱን ነገር በወረቀትም በኮምፒውተርም ጻፊ ካልናት፣ አንዱ ባዶ ይቀራል። በዚህ አልፈርድባትም። መብራት ሲጠፋ የምንሠራበት ወረቀት ይኑር፣ ድርብ ጽሕፈቱ ግን ይቅር።

ስለ ምስጢርም አንድ ነገር ልበል። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል። የይለፍ ቃል ስክሪን ላይ ለጥፋችሁ የመጣችሁ ካላችሁ፣ ስትመለሱ አንሱት።

የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። የመረጃ ባለሙያው በጠዋት ስብሰባ ወንበር ይሰጠው። በሳምንት አንድ ቁጥር ይዞ ይምጣ። ማን ምን እንደሚያደርግ በስም ይያዝ፤ በሳምንቱ ያንኑ ቁጥር መልሰን እንየው። ይህንን ጤና ቢሮው ከሰኞ ጀምሮ ሊያደርገው ይችላል።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካላችሁ ልስማ።