ጂም ነዋ!

እሺ። ደህና ናችሁ? እየቀዳ ነው መሰለኝ። ቀዩ መብራት በርቷል። ባለፈው ለአንድ ሰዓት ከማይቀዳ ማይክ ጋር ካወራሁ በኋላ ሁለቴ ነው የማየው።

ዶሮውም አለ። አዎ፣ ሰማችሁት። አሁንም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። "ከፋሲካ አያልፍም" ብላችሁ የተወራረዳችሁ ሁሉ ተበላችሁ። እሱ ግን አልተበላም።

ዛሬ ሥራ ስለመልቀቅ ላወራ ነበር። ቃል ገብቼ ነበር፣ አውቃለሁ። አልሆነልኝም። ቅዳሜ ዕለት አንድ ነገር ሆነ። ይኸው ዛሬ ሐሙስ ነው፣ አልወጣልኝም። ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ማንም አልሞተም፣ ማንም አልተጣላም። ከአፌ የወጣ ሁለት ቃል ነው። "ጂም ነዋ!" አልኩ። በቃ።

ቆይ፣ እንደዚህ ከሆነ አይገባችሁም።

የቅዳሜ የእግር ጉዞ ቡድናችንን ታውቁታላችሁ። በተለይ ባለ ሰዓቱን። ሽንት ቤት ሲሄድ እንኳን እርምጃ የሚቆጥረውን። በዚህ ሳምንት መንገድ የመምረጥ ተራው የእኔ ነበር። "እንጦጦ" አልኩ። አጉረመረሙ። ፓርኩን ስንቴ ሄድንበት፣ ስንቴ ፎቶ ተነሳን፣ ምናምን። ፓርኩን አይደለም አልኳቸው። ከሽሮ ሜዳ ተነስተን፣ አስፋልቱን ትተን፣ በአቋራጩ። ልጅ ሆኜ በምወጣበት። "የልጅነት ሀይኪንጌን ላሳያችሁ" አልኩ። በዚሁ ቃል። ሀይኪንግ።

እናንተም ሰምታችሁታል። እዚሁ ማይክ ላይ ስንቴ ጉራ ነዝቼባችኋለሁ። "እኛ የሽሮ ሜዳ ልጆች እኮ ስኒከር ሳናውቅ፣ በኮንጎ ጫማ ተራራ እንወጣ ነበር።" ኮንጎ ጫማው እውነት ነው። ተራራውም እውነት ነው።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ሽሮ ሜዳ ተገናኘን። የሀበሻ ቀሚስ ሱቆቹ ገና አልተከፈቱም። ከአንዱ ግቢ ውስጥ ሸማኔ ይሰማል፣ ጣ… ጣ… ጣ። ድሮ የምኖርበትን ግቢ አለፍነው። እሱን ሌላ ቀን።

ሰው ሁሉ ምን ይላል? "ልጅ ሆኜ ትልቅ የነበረው ነገር፣ አድጌ ሳየው ትንሽ ሆነብኝ" ይላል። እኔም ለዚያ ተዘጋጅቼ ነበር። እንደውም "ይቺ ናት እንዴ!" የምልበትን ድምፅ ሳልለማመድ አልቀረሁም። ግን መንገዱ አላነሰም። መንገዱን ጭራሽ አላወቅሁትም።

የምሬን ነው። እንደ አስጎብኚ ከፊት ነኝ። ሁለት ቦታ ላይ መንገዱ ይከፈላል። "በቀኝ" እላለሁ በልበ ሙሉነት። በቀኝ ሄድን፣ አጥር ላይ ደረስን። ተመለስን። ባለ ሰዓቱ "340 እርምጃ በከንቱ" አለ። ቀጥሎ ደግሞ ከተማው በሙሉ የሚታይበት ቦታ ወጣን። ጭጋጉ ገና አልተነሳም፣ ሕንፃዎቹ አናታቸው ብቻ ነው የሚታየው። ሁሉም ስልኩን አወጣ። "ይህንን እያየሽ ነው ያደግሽው?" አለችኝ አንዷ። አዎ አልኩ። በሕይወቴ አይቼው አላውቅም።

ለምን እንደሆነ የገባኝ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ያንን መንገድ እኔ የማውቀው ቁልቁል ነው። ሽቅብ ስንወጣ ጨለማ ነበር፤ ጥበቃዎቹ ሳይነሱ ለመድረስ ነው የምንሮጠው። ስንወርድ ደግሞ ጎንበስ ብለን ነው። ሸክም ይዘሽ ቁልቁል ስትወርጂ ከተማ የለም፣ ሰማይ የለም። ያለው ቀይ አፈርና ከፊትሽ የምትሄደው ሰው ተረከዝ ነው። እኔ እንጦጦን የማውቀው በእማዬ ተረከዝ ነው። የተሰነጠቀች ተረከዝ፣ ግራዋ ከቀኟ የባሰች። ዓይኔን ጨፍኜ ልስላት እችላለሁ።

ስለዚህ… አዎ። ሀይኪንግ አልነበረም። ቅጠል ለቀማ ነበር።

(ሳቅ)

ምን ያስቀኛል እኔን?

1987 ነው፣ ሦስተኛ ክፍል ነኝ። ቅዳሜና እሁድ፣ አንዳንዴ ከትምህርት በፊት። እማዬ ጭራሮውን ትሸከማለች፣ እኔ ቅጠሉን። የወደቀውን፣ የደረቀውን። ጥበቃ ከያዘሽ ገመዱን ነው የሚወስድብሽ። እንጨቱ እንደገና ይለቀማል፤ ገመድ ግን በብር ነው። ግማሹን እንሸጣለን፣ ግማሹ ምጣድ ስር ይገባል። ያኔ ሰፈራችን እንጀራ በባህር ዛፍ ቅጠል ነበር የሚጋገረው። ቅጠሉ ዘይት አለው፣ ቦግ ይላል። ቦግ ሲል ምጣዱ እኩል ይሞቃል፣ ዓይኑም ጥሩ ይወጣል። እማዬ እስከ ዛሬ የኤሌክትሪክ ምጣድን "ሬሳ" ነው የምትለው።

ባህር ዛፍ ራሱ ግን ታሪኩ አይገርማችሁም? ምኒልክ በ1882 የነገሡት እዚያው እንጦጦ ማርያም ነው። ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃው ወርደው አዲስ አበባ ስትቆረቆር፣ እንጨቱ ለቤት እየተባለ፣ ለማገዶ እየተባለ አለቀ። ተራራው ተመለጠ። ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ሁሉ ታስቦ ነበር። ያስቀራት ያ ከባህር ማዶ፣ ከአውስትራሊያ የመጣው ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆርጡት ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። አፈር ይጎዳል፣ ውሃ ይጨርሳል እያልን እንሰድበዋለን። ግን ከተማዋ እዚህ የቀረችው በእሱ ነው። እሱን ተሸክመው ያወረዱትስ እነማን ናቸው? ይኼን ስል እንደ ዶክመንተሪ ተራኪ እንዳልሆን። ሆንኩ አይደል? ይቅርታ።

ሽታውን ግን ልንገራችሁ። ከፀጉር አይወጣም። ክፍል ውስጥ ያስታውቃል። "ቅጠል ለቃሚ" የሚል ስድብ ነበር፣ እኔን በቀጥታ የሰደበኝ ልጅ አልነበረም፣ ግን ሌላ ልጅ ሲሰደብ አብሬ እስቅ ነበር። ከሁሉም ጮክ ብዬ። ባለፈው ዓመት ለልደቴ ሴቶቹ ስቲም ወሰዱኝ፣ ትዝ ይላችኋል፣ አውርቼላችኋለሁ። "ሙቀቱ ከበደኝ፣ በአምስት ደቂቃ ወጣሁ" ብያችሁ ሳቅን። ሙቀቱ አልነበረም። የባህር ዛፍ ዘይት ጨምረውበት ነው። በስንት ብር!

እሺ፣ ወደ ቅዳሜ።

ማሳረፊያዋ ጋ ስንደርስ አወቅሁ። አንድ ትልቅ ድንጋይ ናት፣ ወገብ ድረስ የምትመጣ፣ ከላይ ጠፍጣፋ። ሸክም አስደግፈው የሚያርፉባት። ከዚያች ድንጋይ በኋላ እግሬ መንገዱን ራሱ ያውቀዋል። ድንጋይዋ ጋ ደግሞ አንዲት ሴት አለች። አርፋለች። ድሮ በሰልፍ ነበር የሚወርዱት፤ ዛሬ እሷ ብቻ ናት። ሸክሙ ጭራሮ ነው፣ ከእሷ ቁመት ይረዝማል።

እኛ አለን እንግዲህ፣ ስድስት ሰዎች፣ ባለ ምርኩዙ፣ ባለ ኮፍያው፣ ባለ ሰዓቱ። "ደህና አደሩ" ብለን ልናልፍ ነው። እኔ "እማማ" ልላት አፌ ላይ ደርሷል። ከዚያ ፊቷን አየሁት። እኩያዬ ናት። ምናልባትም ታንሰኛለች።

"እህቴ፣ እስቲ አሸክሚኝ" አለች።

ከስድስታችን መካከል እኔን። ለምን እኔን? ቅርብ ስለነበርኩ ነው። ይሆናል። ወንዶቹን ማን ይጠይቃል። ይሆናል።

አላሰብኩም። ከኋላዋ ዞርኩ። ገመዱን ደረቷ ላይ አስተካከለች። ሁለት እጄን ከስር አስገባሁ፣ መሀል ላይ፣ ጉልበቴን ደገፍ። አዎ፣ ያንኑ ጉልበት፣ ፎቅ መውጣት የማይችለውን። "በማርያም" አልኩ። እሷም "በማርያም" አለች። እኩል ተነሳን። አንዴም አልተንገዳገደችም። ሠላሳ ምናምን ዓመት! እጄ አንድም ነገር አልረሳም።

"ታውቂበታለሽ" አለች። እየሳቀች መሰለኝ። ድምፅዋ ሳቅ ነበረው።

እዚህ ጋ ነው። ባለ ሰዓቱ "እንዴ! አንቺ! የት ተማርሽው ይሄንን?" አለ። በአድናቆት ነው፣ ክፋት የለውም።

"ጂም ነዋ!" አልኩ። ክንዴን አጥፌ ጡንቻ አሳየሁ። ሁሉም ሳቀ። ጥሩ ቀልድ ነበር። ሰዓቱን ጠብቆ የገባ ቀልድ።

ሴትየዋ አልሳቀችም። ወይም ስቃ ይሆናል። አላውቅም፣ ምክንያቱም ያ ሸክም ያለበት ሰው ቀና ማለት አይችልም። ፊቷን አላየሁትም። "ተባረኪ" ብላ ሄደች። "ተባረኪ" ያለችው ከ"ጂም ነዋ" በኋላ ነው። ደጋግሜ አስቤዋለሁ፣ በኋላ ነው። በምን ድምፅ እንዳለችው ግን ጠፍቶብኛል። መጀመሪያ እንደ ምርቃት ነበር የማስታውሰው። ሰኞ ላይ ደረቅ ሆነብኝ። ትናንት ማታ ደግሞ ጭራሽ ምንም ያላለች መሰለኝ።

ያየሁት ተረከዟን ነው። ቁልቁል ስትወርድ።

ምን ልበል ነበር? "ከእናቴ" ማለት ይቻል ነበር። አንድ ቃል ነው። አንድ ቃል ከሁለት ቃል ይቀላል። ደግሞ እነዚህ ሰዎች ጓደኞቼ ናቸው፣ ማን ምን ይለኛል? ምንም። እንደውም ያደንቁኛል። "ዋው፣ ከየት ተነስተሽ" ይሉኛል። እና… እሱንም አልፈልገውም መሰለኝ። ከ"ቅጠል ለቃሚ" ይልቅ "ከየት ተነስተሽ" የሚለው ነው የሚያስፈራኝ። አይ፣ አይደለም። እሱ አሁን የመጣልኝ ነው። ያኔ እዚያ ቆሜ ምንም አላሰብኩም፣ አፌ ነው የቀደመኝ። ከእጄ አፌ ቀደመ… አይ፣ እጄ ነው የቀደመው እንጂ። ተዉት።

እሁድ እማዬ ጋ ደወልኩ። የካ አባዶ ናት፣ እህቴ ጋ። እያለቀስኩ ልነግራት ነበር ያሰብኩት፣ ራሴን አዘጋጅቼ። ነገርኳት፣ ድንጋይዋን፣ ሴትየዋን፣ ሁሉንም። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ምን አለች?

"ደረቅ ነው እርጥብ?"

"ምኑ?"

"እንጨቷ ነዋ።"

እኔ እንጃ አልኳት። እርጥብ ሳይሆን አይቀርም፣ ከብዶ ነበር። "በዚህ ወር እርጥቡን ተሸክማ ምን ሊነድላት ነው! አትነግሪያትም ነበር እንዴ?" ተቆጣች። ለእኔ ሳይሆን ለሴትየዋ ነው የተበሳጨችው። ስለ "ጂም ነዋ" ነገርኳት። ጂም ምን እንደሆነ ታውቃለች፣ የእህቴ ልጅ ይሄዳል። "እዚያ የሚነሳውን ብረት የት ነው የሚወስዱት?" አለች። የትም አይወስዱትም፣ መልሰው ያስቀምጡታል አልኳት። ለረጅም ጊዜ ሳቀች። ሳሏ እስኪነሳ።

እና እኔ ስልኩን ይዤ… ተናደድኩባት። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። እንድታዝንልኝ ነበር የፈለግሁት? ወይስ እንድትቆጣኝ? "አሳፈርኩሽ?" ማለት ነበር የፈለግሁት፤ እሷ ስለ እንጨት እርጥበት ታወራለች።

ቡድኑ ላይ እስካሁን ምንም አልጻፍኩም። ባለ ሰዓቱ የዚያችን ደቂቃ ቪዲዮ ቀርጾ ኖሯል፣ ለቀቀው። 11 ሰከንድ ነው። "ጂም ነዋ!" የሚል ጽሑፍና የሚስቅ ፊት ጨምሮበት። ሴትየዋ ግማሽ ሆና ትታያለች፣ ጀርባዋ፣ ከዚያ ሸክሙ። አጥፋው ልለው ሦስቴ ጽፌ ሦስቴ ሰረዝኩ። ለምን ካለኝ ምን እለዋለሁ። ድምፁን ከፍ አድርጌ "ተባረኪ" ያለችበትን ልሰማ ሞከርኩ። እዚያ ጋ የእኛ ሳቅ ነው ያለው።

ይህንን ክፍል ደግሞ ይሰማል እኮ እሱ። እየሰማህ ነው? በእግርህ እየሄድክ ከሆነ ቁጭ በል እስቲ።

ለማንኛውም… ነገ ማታ እማዬ ጋ ነው የማድረው። ትናንት ደውላ "እኔም ልምጣ፣ ድንጋይዋን ልያት" አለችኝ። በእግር አይደለም፣ በሚኒባስ እንጦጦ ማርያም ድረስ፣ ከዚያ ቁልቁል ቀስ እያልን። ቁልቁሉ ነው ለጉልበት የሚከፋው አልኳት። "አውቃለሁ፣ ለማን ነው የምትነግሪው" አለች። እህቴ አይሆንም ብላለች። ሴትየዋን ብናገኛት ደግሞ እማዬ ስለ እርጥቡ እንጨት ትናገራታለች፣ እርግጠኛ ነኝ። እኔ ምን እንደምል…

ሰማችሁት? ይኼ ዶሮ። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ምን ያስጮኸዋል አሁን? ቆይ መስኮቱን ልዝጋ።