ለጎጃም የእግር መንገድ የቱ ውሻ ይሻላል?

(ምስል፦ የጮቄ ጓሳ፣ ጅብራዎች፣ ከርቀት በግ የሚጠብቅ ልጅ ከነውሻው)

ሰላም ናችሁ! ዛሬ የምናወራው ቀኑን ሙሉ፣ ሲያስፈልግም ለቀናት አብሯችሁ ስለሚጓዝ ውሻ ነው። ግቢ የሚጠብቅ ውሻ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን ለሌላ ጊዜ እናቆየው።

ዝርያ ከመምረጣችሁ በፊት የምትሄዱበትን አገር እዩ። የጮቄ ጫፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ከዚያ ወርዳችሁ በደጀን በኩል ዓባይ በረሃ ስትገቡ ደግሞ ከፍታው ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ይወርዳል። እኩለ ቀን ላይ ድልድዩ ጋ የቆመ ሰው ሙቀቱን ያውቀዋል። እናንተ ጃኬት ታወልቃላችሁ። ውሻው ግን ያችኑ አንዲት ካፖርቱን ለብሶ ነው ሁለቱንም አገር የሚያየው።

(ምስል፦ የሚያለከልክ ውሻ፣ ከቅርብ)

ውሻ እንደኛ አያልበውም። መዳፉ ሥር ትንሽ ላብ ቢኖረውም ዋናው ማቀዝቀዣው ማለከለክ ነው። አየሩ በእርጥብ ምላሱና በአፍንጫው ውስጥ ሲመላለስ እርጥበቱ ይተንና ሙቀት ይዞ ይወጣል። ስለዚህ አፍንጫው ረዘም ያለ ውሻ በደንብ ይቀዘቅዛል። ፑግ፣ ቡልዶግ፣ የፈረንሳይ ቡልዶግ? ቆንጆዎች ናቸው፣ ግን ተዉአቸው። አፍንጫቸው ጭፍልቅ ስለሆነ ዳገት ላይ አየር ያጥራቸዋል። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ አካባቢ ነው። 41 ካለፈ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው።

ሀስኪስ? በጽናቱ ማንም አይከራከርም። እ.ኤ.አ. በ1925 አላስካ ውስጥ ኖም የምትባል ከተማ ዲፍቴሪያ የሚባል የጉሮሮ በሽታ ሲገባ፣ መድኃኒቱን ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በበረዶ ላይ እየተቀባበሉ ያደረሱት ተንሸራታች ጋሪ ጎታች ውሾች ናቸው፤ ከነሱም ብዙዎቹ የሀስኪ ዘር ነበሩ። ግን ያ በረዶ ላይ ነው። ድርብ ጸጉር ያለውን እንስሳ ዓባይ በረሃ ይዞ መውረድ በኔ አስተያየት ግፍ ነው። ጸጉሩን እንላጨው የሚል አይጠፋም። መላጨት መፍትሔ አይደለም፤ ቆዳው ለፀሐይ ይጋለጣል።

ጀርመን ሼፐርድ በየከተማው የምናየው ነው። ብልህ ነው፣ ይታዘዛል፣ ይራመዳል። ችግሩ ዳሌው ላይ ነው። የዳሌ መገጣጠሚያው በትክክል ሳይገጥም የሚያድግበት ሕመም በዘር ይተላለፋል። ቡችላ ስትገዙ እናትና አባቱን አስነሥታችሁ አስኬዷቸው። ኋላቸው የሚወላገድ ከሆነ ዋጋው ምንም ቢረክስ እለፉት። ላብራዶርም ይህ ሕመም አለበት፤ በዚያ ላይ ሆዳም ነው፣ ቶሎ ይወፍራል። ጠባዩ ግን ወርቅ ነው።

ቦርደር ኮሊ ከጠዋት እስከ ማታ ቢሮጥ አይደክመውም። ግን የተፈጠረው በግ ለመንዳት ነው፣ ጮቄ ደግሞ በግ በበግ ነው። የሰው መንጋ ከበተነ ጉዞው እዚያው ያበቃል፤ ቀሪው ሽምግልና ነው። ከደቡብ አፍሪካ አካባቢ የመጣው ሪጅባክ ሙቀት ይችላል። ከ30 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ግን ገደል አፋፍ ላይ እግሩን ቢጎዳ ማን ይሸከመዋል?

(ምስል፦ ደጃፍ ላይ የተኛ የሀበሻ ውሻ)

እኔን ከጠየቃችሁ የሀበሻ ውሻ ያዙ። ብዙዎቻችን ፈረንጅ ውሻ ስናሳድድ ደጃችን ያለውን አናየውም። አፉ ሾጠጥ ያለ፣ ጸጉሩ አጭር፣ እግሩ ረዘም ያለ፣ ሰውነቱ መካከለኛ ነው። ደጋውን ተወልዶበታል፤ ድንጋዩንም መዳፉ ለምዶታል። ለጮቄ ሌሊት ብርድ ልብስና ድንኳን ውስጥ ትንሽ ቦታ ይበቃዋል።

ግን የጎልማሳ ዘበኛ ውሻ ከሰው ደጅ ፈትታችሁ አትውሰዱ። ቡችላ ምረጡ። ገበሬው ቤት ስትደርሱ መጀመሪያ እናቲቱን እዩ። ጮኻባችሁ ባለቤቱ «ተይ!» ሲላት ዝም ካለች ጥሩ ነው። «ተይ» ተብላም ጥርሷን ካልመለሰች ወደ ሌላ ቤት ሂዱ። ከዚያ የቡችላውን መዳፍ በእጃችሁ ያዙት፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ጫን ጫን አድርጉ። ትንሽ ተወራጭቶ ከተወላችሁ፣ ነገ እሾህ ስትነቅሉለትም ይታገሳል። ወደ ቤት ከወሰዳችሁት በኋላ እስከ ሦስት ወር ተኩሉ ድረስ በግ፣ አህያ፣ ሕፃን፣ ባጃጅ ሁሉ አሳዩት። ያን ጊዜ ያልለመደውን ኋላ ማስለመድ ከባድ ነው።

አጥንቱ ሳይጠና ረጅም መንገድ አታስኬዱት። ለመካከለኛ ውሻ ዓመት ይበቃል፤ ትልልቆቹ እስከ ዓመት ተኩል ይፈልጋሉ። ዕቃ የምታሸክሙት ከሆነ ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ጀምሩ። ቆላ ስትገቡ በማለዳ ተነሡና ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ጥላ ፈልጉ። አስፋልት ካለ የእጃችሁን ጀርባ አሳርፉበት፤ እስከ ሰባት ቆጥራችሁ ማቆየት ካቃጠላችሁ መዳፉንም ያቃጥለዋል።

(ምስል፦ በመንደር መካከል የሚያልፍ ቀጭን መንገድ)

አሁን ስለ መንደር ውሾች። የቆሎ ተማሪ ዱላ የሚይዘው በከንቱ አይደለም፤ በእንተ ስማ ለማርያም ሲል በየደጁ የሚቀበለው መጀመሪያ ውሻ ነው። እናንተ ደግሞ ሌላ ውሻ አስከትላችሁ ነው የምትመጡት! ቤት ሲታያችሁ ገመዱን አሳጥሩና ከሩቅ «ውሻ ያዙ!» በሉ፤ ባለቤቱ ይወጣላችኋል። ቤተ ክርስቲያን ስትሳለሙ አንዳችሁ ውሻውን ይዛችሁ ከቅጥሩ ውጭ ቆዩ። ሌሊት ደግሞ ድንኳኑን ዝጉ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል የሚባለው ተረት ብቻ አይደለም፤ ጅብ ውሻ ይበላል።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሳያስከትቡ መንገድ መጀመር አይታሰብም። የመጀመሪያው ክትባት መከላከል እስኪጀምር ሳምንታት ስለሚፈልግ በጉዞው ዋዜማ ሳይሆን ከአንድ ወር በላይ አስቀድማችሁ አስወጉት፤ በየጊዜውም አሳድሱለት። ያልተከተበ ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በወራጅ ውሃ እጠቡና ወዲያው ጤና ጣቢያ ሂዱ። ነገ እናያለን አይባልም።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ መዥገርና ትላትል። ለከብትና ለበግ የሚወጋው አይቨርሜክቲን በየወረዳው ስለሚገኝ «ለውሻውም ትንሽ እንውጋው» ማለት የተለመደ ነው። ኮሊና የአውስትራሊያ ሼፐርድ ዘር ያለባቸው ብዙ ውሾች ግን መድኃኒቱ ወደ አንጎላቸው እንዳይገባ የሚከለክለው ዘረ መል ጉድለት አለበት። ለሌላው ውሻ ምንም የማይለው መጠን እነሱን ያንቀጠቅጣል፣ ይገድላልም። ድቅል ውሻ ላይ ደግሞ መልኩን አይቶ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ የበግ መርፌ ለውሻ በግምት አታስወጉ፤ ሐኪሙም መርፌውን ከመሙላቱ በፊት የውሻችሁን ዘርና ክብደት ንገሩት።