ስቴት ስንቀይር ልጆቻችን ምን ይጎድልባቸዋል?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ሰመር ሲቃረብ ከዲሲ አካባቢ ወደ ዳላስ፣ ከሲያትል ወደ አትላንታ፣ ከሚኒሶታ ወደ ዴንቨር ዕቃ የሚጭኑ ቤተሰቦች ይበዛሉ። አንዱን የቤት ኪራይ ያስነሳዋል፣ ሌላውን ሥራ፣ ሌላውን ዘመድ። ጥያቄው ግን አንድ ነው፤ «እዚያ ጥሩ ትምህርት ቤት የቱ ነው?»

እኔ ይህ ጥያቄ መዞር አለበት ባይ ነኝ። አሜሪካ ውስጥ ትምህርት በዋናነት የየስቴቱ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ልጁ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር የሚጎድልበት ነገር አለ፤ አንዱ ክሬዲት (ለምረቃ የሚቆጠርለት የኮርስ ነጥብ) ይጎድልበታል፣ ሌላዋ የምታገኘው ድጋፍ ለወራት ይቋረጣል፣ ትንሹ ደግሞ በልደቱ ቀን ምክንያት አንድ ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል። መጠየቅ ያለብን «የእኔ ልጅ በዚህ ጉዞ ምን ሊጎድልበት ይችላል? ያንን የሚሞላለት ትምህርት ቤትስ የቱ ነው?» ብለን ነው።

ከትንሹ ልጀምር። ኪንደርጋርተን ለመግባት አምስት ዓመት የሚሞላበት የመጨረሻ ቀን እንደየስቴቱ ይለያያል። ቨርጂኒያና ዲሲ እስከ ሴፕቴምበር 30 ይቀበላሉ። ሜሪላንድ፣ ቴክሳስ፣ ጆርጂያና ሚኒሶታ ሴፕቴምበር 1 ላይ ይዘጋሉ፣ ዋሽንግተን ስቴት ኦገስት 31። የቀኑ ልዩነት አንድ ወር ነው፤ ሴፕቴምበር 15 ለተወለደች ልጅ ግን አንድ ሙሉ ዓመት ነው። ቨርጂኒያ ኪንደርጋርተን የጀመረችን ልጅ ዓመቱ ሳያልቅ ወደ ዳላስ ብትወስዷት ዕድሜዋ አልደረሰም ተብላ ልትመለስ ትችላለች። ዓመቱን በመንግሥት ትምህርት ቤት ጨርሳ ከሄደች ግን የቴክሳስ ሕግ አንደኛ ክፍል እንድትገባ ይፈቅዳል። ሕጉ የሚለው የሌላ ስቴት የመንግሥት ትምህርት ቤት ስለሆነ፣ የግል ኪንደርጋርተን ለጨረሰች ልጅ አስቀድማችሁ ዲስትሪክቱን፣ ማለትም የአካባቢውን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድረውን አካል፣ ጠይቁላት። እንዲህ ያለ ልጅ ያለው ቤተሰብ ጁን ድረስ መታገስ ከቻለ ቢታገስ እመክራለሁ።

ገና ኪንደርጋርተን ያልደረሰ ልጅ ካላችሁ ደግሞ፣ ዲሲ ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጆች ያለው ነፃ ፕሪኬ (ከኪንደርጋርተን በፊት የሚሰጥ ትምህርት) አብሯችሁ አይሄድም። ጆርጂያ በስቴቱ ሎተሪ ገንዘብ የሚደገፍ ፕሪኬ ለአራት ዓመት ልጆች አላት፤ ቦታው ግን ይሞላል። ቴክሳስ በነፃ የምትቀበለው መስፈርት የሚያሟሉትን ነው። ከመስፈርቶቹ አንዱ ልጁ እንግሊዝኛ አለመቻሉ ስለሆነ፣ ቤት ውስጥ አማርኛ ብቻ እየሰማ ያደገ ልጅ በዚህ በኩል ሊገባ ይችላል። ገቢያችን ያልፋል ብላችሁ ሳትጠይቁ እንዳትቀሩ።

አሁን ወደ ቤቱ እንምጣ፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት በአብዛኛው የሚመደበው በአድራሻ ነውና። ከሜሪላንድ የሚነሳ ሰው የለመደው ካውንቲውን ነው፤ በስቴቱ ያሉት ዲስትሪክቶች 24 ብቻ ናቸው። ቴክሳስ ከአንድ ሺህ በላይ አላት፤ ወሰናቸውም ከከተማውም ከካውንቲውም ጋር አይገጥምም። ፖስታው ላይ «ዳላስ» የተባለ ቤት የሪቻርድሰን ዲስትሪክት ሊሆን ይችላል። የእኛ ሰው በብዛት በሚኖርባት ኦሮራ፣ ኮሎራዶ፣ የኦሮራና የቼሪ ክሪክ ዲስትሪክቶች በአንድ ከተማ ውስጥ አሉ። ጆርጂያ ውስጥ «ዲኬተር» የሚል አድራሻ የከተማው ትምህርት ቤቶች ወይም የዲካልብ ካውንቲ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በከተማ ስም አትከራዩ። የኪራይ ማስታወቂያ ላይ የተጻፈውን የትምህርት ቤት ስምም እንደ መነሻ ብቻ ያዙት። ሙሉ አድራሻውን ከነቁጥሩ በዲስትሪክቱ ድረ ገጽ መፈለጊያ ላይ አስገቡ፤ ከዚያ ደውላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ። የሚቀጥለው ዓመት ወሰኑ ይቀየራል ወይ? ትምህርት ቤቱ ሞልቶ አዲስ ገቢዎችን ወደ ሌላ ይልካል ወይ? አዳዲስ ቤቶች በሚሠሩባቸው የከተማ ዳርቻዎች ሁለቱም ያጋጥማሉ፤ ሊዝ ከፈረሙ በኋላ መስማቱ ደግሞ አይጠቅምም።

ብዙዎቻችን መጀመሪያ ዘመድ ቤት እናርፋለን። ያኔ ሊዙም የመብራት ቢሉም በስማችን አይሆንም። ለዚህ ዲስትሪክቶች የመኖሪያ ማረጋገጫ ቅጽ አላቸው፤ ዘመዳችሁ «እኔ ጋ ነው የሚኖሩት» ብሎ ይፈርማል፣ ብዙ ጊዜም ኖታሪ ፊት፣ የራሱን ሊዝና ቢል አያይዞ። የሚያሰናክለው ዘመድየው ራሱ ተከራይ ሲሆንና በሊዙ ላይ እናንተን ስላላስመዘገበ መፈረም ሲፈራ ነው። ይህን ዕቃ ሳይጫን ተነጋገሩበት። ዘመድ ቤት የገባችሁት ቤት አጥታችሁ ወይም አቅም አንሷችሁ ከሆነ ደግሞ፣ ማኪኒ ቬንቶ የሚባለው የ1987 የፌዴራል ሕግ ወረቀቱ ባይሟላም ልጁ ወዲያው እንዲመዘገብ ያዛል። በየዲስትሪክቱ ለዚሁ የተመደበ ሠራተኛ አለ፤ የሕጉን ስም ጠርታችሁ አገናኙኝ በሉ። የኢሚግሬሽን ወረቀትን በተመለከተ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 በፕላይለር ጉዳይ ከወሰነ ወዲህ ወረቀት የለውም ተብሎ ልጅ ከመንግሥት ትምህርት ቤት አይከለከልም። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ስለሌለውም አይመለስም።

ስለ ደረጃ ቁጥሮች ያለኝን በግልጽ ልናገር። ለትምህርት ቤቶች ደረጃ ከሚሰጡት ድረ ገጾች ግሬትስኩልስ ከ1 እስከ 10 ይሰጣል፣ ኒች በፊደል። ከእነዚህ ደረጃዎች ጀርባ ትልቁ ነገር የፈተና ውጤት ነው፤ የፈተና ውጤት ደግሞ የወላጅን ገቢ አጥብቆ ይከተላል። ስለዚህ 9 የሚለው ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚነግራችሁ ሰፈሩ ውድ መሆኑን ነው። ያንን 9 ለማግኘት ከአቅም በላይ ተከራይቶ፣ ለኪራዩ ሁለት ሥራ እየሠራ ልጁን ነቅቶ የማያገኘው ወላጅ በጣም ያሳዝነኛል። በ6 ትምህርት ቤት የሚማርና ማታ የቤት ሥራውን የሚያይለት ወላጅ ያለው ልጅ ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ።

ታዲያ ምን ይታይ? ስቴቶች ለየትምህርት ቤቱ በየዓመቱ ሪፖርት ካርድ ያወጣሉ። እዚያ ሁለት ቦታ ሂዱ። አንዱ ዕድገት የሚለው ነው፤ ተማሪዎቹ ከገቡበት ደረጃ በዓመት ምን ያህል እንደተራመዱ ያሳያል። ሌላው ውጤቱ በቡድን የተከፋፈለበት ሠንጠረዥ ነው፤ እንግሊዝኛን ገና የሚማሩ፣ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው፣ ጥቁር ተማሪዎች እያለ ይዘረዝራል። የልጃችሁን ረድፍ አንብቡ። በአጠቃላይ ውጤቱ የሚደነቅ ሆኖ በዚያ ረድፍ ግን ከጎረቤቱ የሚያንስ ትምህርት ቤት አለ፤ ልጃችሁ የሚማረው ደግሞ በዚያ ረድፍ ውስጥ ነው።

ቋንቋው ላይ ትንሽ ልቆይ። ምዝገባ ላይ «ቤት ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ ምንድን ነው?» የሚል ቅጽ ይሰጣችኋል። ልጄ ዝቅ ያለ ክፍል ይገባብኛል ብሎ «እንግሊዝኛ» ብሎ የሚሞላ ወላጅ አለ። ልጁ ድጋፍ የሚያስፈልገው ከሆነ በዚያች ቃል ያጣዋል። እውነቱን ጻፉ፤ ልጁ ይፈተናል፣ እንግሊዝኛው በቂ ከሆነ በመደበኛው ክፍል ይቀጥላል። ችግሩ ፈተናው በየስቴቱ አንድ አለመሆኑ ነው። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ጆርጂያ፣ ሚኒሶታ፣ ኮሎራዶና ዋሽንግተን ስቴት ዊዳ የሚባለውን ይጠቀማሉ። ቴክሳስ ቴልፓስ፣ ካሊፎርኒያ ኤልፓክ የተባለ የራሳቸው አላቸው። ከዊዳ ስቴት ወደ ዊዳ ስቴት ሲሄዱ ውጤቱ ሊነበብ ይችላል፤ ወደ ቴክሳስ ሲሄዱ ግን ከኢሶል (እንግሊዝኛን ገና ለሚማሩ ልጆች ከሚሰጠው ድጋፍ) የወጣ ልጅ እንደገና ሊፈተን ይችላል። ስለዚህ የመጨረሻውን የውጤት ወረቀትና ከፕሮግራሙ የወጣበትን ደብዳቤ በእጃችሁ ያዙ። አዲሱን ትምህርት ቤትም የኢሶል መምህሩ በየቀኑ እዚያው ነው ወይስ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው ብላችሁ ጠይቁ። ለእናንተ ለራሳችሁም አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አላችሁ፤ አማርኛ በሉ፣ ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉት።

አይ ኢ ፒ፣ ማለትም ለልጁ የወጣ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ዕቅድ፣ ያለው ልጅ ካላችሁ ሕጉ ከጎናችሁ ነው፤ ግን ሳትናገሩ አይሠራም። በትምህርት ዓመቱ መሐል ከሌላ ስቴት ሲመጣ አዲሱ ዲስትሪክት የራሱን ግምገማ አድርጎ አዲስ ዕቅድ እስኪያወጣ ድረስ ከነበረው ጋር የሚመሳሰል አገልግሎት መስጠት አለበት። መዝገቡ በፖስታ እስኪመጣ ይጠበቅ ከተባለ ሳምንታት ይቃጠላሉ። ሙሉውን አይ ኢ ፒ፣ የመጨረሻውን የግምገማ ሪፖርትና የንግግር ወይም የሌላ ሕክምናውን የደቂቃ ብዛት የያዘውን ገጽ በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፣ በመጀመሪያው ቀን ስጡ፣ የተቀበላችሁን ሰው ስምና ቀን ጻፉ። አንድ ስቴት ብቁ ነው ያለውን ልጅ ሌላው ከግምገማ በኋላ አይደለም ሊል እንደሚችልም እወቁ።

ክትባት አጭር ነው፤ ግን ወራት ሊፈጅ ይችላል። ሜሪላንድ ለትምህርት ቤት ሄፓታይተስ ኤ አትጠይቅም፤ ቴክሳስ ሁለት ዶዝ ትጠይቃለች፣ በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜም ቢያንስ ስድስት ወር ነው። የመጀመሪያውን ሳትነሱ አስወጉ፤ ቴክሳስ የጀመረን ልጅ ሁለተኛው እስኪደርስ በጊዜያዊነት ትቀበላለች። ጆርጂያ ደግሞ የክትባት ማስረጃውን በራሷ ቅጽ 3231 ላይ ትፈልጋለች፣ የዓይን፣ የጆሮ፣ የጥርስና የአመጋገብ ምርመራውን በቅጽ 3300። ስለዚህ ከሌላ ስቴት ያመጣችሁትን ካርድ ጆርጂያ ባለ ሐኪም ወይም ጤና ጣቢያ ማስገልበጥ ያስፈልጋል። ኦገስት ላይ ቀጠሮ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ገና ሳትገቡ ያዙ።

ከሁሉ የሚከብደው ሃይስኩል ነው። እንደ እኔ ከሆነ ከአሥረኛ ክፍል በኋላ የሚደረግ ዝውውር ከሌላው ሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የምረቃው መስፈርት በየስቴቱ ሌላ ነው። ሜሪላንድ 21 ክሬዲትና 75 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ትጠይቃለች፤ ዘግይቶ ለሚመጣ ተማሪ ሰዓቱ ይቀነሳል። ዋሽንግተን ስቴት 24 ክሬዲት ትጠይቃለች። ቴክሳስ 22፣ ተማሪው የሚመርጠው ኢንዶርስመንት (የትኩረት መስክ) ሲጨመር 26፤ በዚያ ላይ አምስት የስቴት ፈተናዎች አሉ፤ አልጀብራ 1፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛ 1 እና 2፣ የአሜሪካ ታሪክ። ቴክሳስ ሳይገባ ክሬዲቱን ያገኘበትን ኮርስ ፈተና ግን አይፈተንም። ስለዚህ ስምንተኛ ክፍል ሆኖ አልጀብራ 1 የወሰደ ልጅ ኮርሱ በትራንስክሪፕቱ (በይፋዊው የውጤት መዝገብ) ላይ የሃይስኩል ክሬዲት ሆኖ መጻፉን ሳትነሱ አረጋግጡ። ሪፖርት ካርድ ላይ መኖሩ አይበቃም።

ሒሳብ በተለይ ይቆራረጣል። ብዙ ስቴቶች አልጀብራ 1፣ ጂኦሜትሪ፣ አልጀብራ 2 እያሉ ያስተምራሉ፤ ኖርዝ ካሮላይና ሦስቱን ቀላቅላ ማዝ 1፣ 2፣ 3 ብላ ትሰጣለች። አልጀብራ 1 ብቻ ጨርሶ ሻርሎት የገባ ልጅ ማዝ 2 ላይ ያልተማረው ምዕራፍ ሊያጋጥመው ይችላል። የመማሪያ ርዕሶቹን ዝርዝር ከቀድሞው መምህር ተቀብላችሁ ለካውንስለሩ፣ ማለትም ለትምህርት ቤቱ የተማሪዎች አማካሪ፣ ስጡ። በዓመት መሐል ከተነሳችሁ ደግሞ ሁለቱም ትምህርት ቤቶች በዓመት ነው ወይስ በሴሚስተር ኮርስ የሚጨርሱት ብላችሁ ጠይቁ። ስምንት ኮርስ ዓመቱን ሙሉ ሲማር የነበረ ልጅ፣ አራት አራት ኮርስ በሴሚስተር ወደሚያስጨርስ ቦታ ጃንዋሪ ላይ ቢገባ ግማሽ የተማረው ሁሉ የሚቀጥልበት ክፍል ያጣል።

የቴክሳስ ሕግ ከክፍላቸው ከላይ 10 በመቶ ውስጥ ያሉትን የስቴቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በቀጥታ እንዲቀበሉ ያደርጋል፤ ኦስቲን ያለው ብቻ ከዚያ የጠበበ ወሰን አለው። ስለዚህ ፉክክሩ የበረታበት ሃይስኩል ዘግይቶ የገባ ጎበዝ ልጅ ደረጃው ሊወርድ ይችላል፤ እዚህ ላይ ነው «ምርጥ ትምህርት ቤት» የሚለው ነገር የሚገለበጠው። የኮሌጅ ክፍያም አለ። ብዙ ስቴቶች የነዋሪ ክፍያ ለመስጠት 12 ወር መኖርን ስለሚጠይቁ፣ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል መሐል የሚነሳ ቤተሰብ ወሩን ይቁጠር።

የትምህርት መክፈቻው ቀንም ያታልላል። ጆርጂያ ብዙ ዲስትሪክቶች በኦገስት መጀመሪያ ይከፍታሉ፤ ሲያትል ሴፕቴምበር ላይ ነው። ከሲያትል ኦገስት መጨረሻ ተነስታችሁ አትላንታ ስትደርሱ ልጁ የብዙ ሳምንት ትምህርት አምልጦታል። ካውንስለሮች ደግሞ ሰመር ላይ ለሳምንታት ቢሮ አይገቡም፤ ስለዚህ ሜይ ላይ ደውሉ። ከቀድሞው ትምህርት ቤት ስትወጡ የመልቀቂያ ቅጹን አስሞሉ፣ ላፕቶፑንና መጽሐፎቹን መልሱ፣ በዚያ ዕለት ያለውን ውጤት በመቶኛ አጽፉ፤ በፊደል ብቻ የመጣ ውጤት ወደ አዲሱ ስሌት ሲዛወር ይዛባል። ስፖርት የሚጫወት ልጅ ካለም አዲሱን አሠልጣኝ የዝውውር ቅጹን ጠይቁት፤ ቴክሳስ ውስጥ ያለ እሱ ለዋናው ቡድን አይሰለፍም።

ትምህርት ከተጀመረ በኋላ የኮርስ ፕሮግራሙን በመጀመሪያው ሳምንት ከትራንስክሪፕቱ ጋር አስተያዩት። የወሰደውን ኮርስ እንደገና ተሰጥቶት እንደሆነ፣ ሒሳቡ አንድ ደረጃ ወርዶ እንደሆነ እዩ። ብዙ ሃይስኩሎች ኮርስ የሚቀይሩት በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ብቻ ነው። «መዝገቡ ገና አልደረሰም፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር እናስተካክላለን» ከተባላችሁ ያላችሁን ቅጂ አሳይታችሁ ዛሬውኑ ይስተካከል በሉ፤ እምቢ ካሉም ምክንያቱንና የሚስተካከልበትን ቀን በኢሜይል ይጻፉላችሁ።