አደይ ይዘራል እንዴ?

እሺ... እየተቀዳ ነው። ዛሬ አንድ ነገር ውስጤን እየበላኝ ነው።

የኅዳር ሚካኤል ማታ ከሥራ ስገባ ሰፈሩ በሙሉ ጭስ በጭስ ነው። ያው፣ ኅዳር ሲታጠን። እማዬ ደጅ ላይ ቆማ እሳቱን ትቆሰቁሳለች። አጥሩ ጥግ ያለችው መደቤ ደግሞ ሙልጭ ብላለች። ሙልጭ!

"እማዬ፣ እዚህ የነበረውስ?"

"የቱ? ጭራሮው?" ቀና እንኳን አላለችም።

"አደዩ!"

"አደይማ ጥቅምት ላይ አለቀ።"

እውነቷን እኮ ነው። መስከረም ላይ ጎረቤት እየጠራች ስታሳይ የነበረችው፣ ቄጤማው ላይ የበተነችው እሷው ናት። ግን አደይ የአንድ ዓመት ተክል ነው፤ ሥሩ አይከርምም። ያብባል፣ ያፈራል፣ ይደርቃል። የመጪው መስከረም ያለው እዚያ የሚያስጠላ ደረቅ ራስ ላይ ነው። ፍሬው ረግፎ በጋውን አፈር ላይ ይከርምና ዝናብ ሲጥል ይበቅላል። ይሄን ሁሉ በእጄ ጭምር እያሳየሁ አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝ፣ ሰማችኝና...

"አደይ ይዘራል እንዴ?"

ስታሾፍ ቢሆን እስቅ ነበር። የምሯን ነው! እሷ ያደገችበት ሜዳ ማንም ሳይዘራው ቢጫ ይለብስ ነበር። ድምፅዋ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ምን ልበላት? "ዛሬ ሜዳው ቤት ሆኗል" ልበላት? ታውቃለች እኮ፣ እኛም እዚያው ላይ ነን።

ደግሞ የሰይጣን መርፌን እዩልኝ! ሱሪ ላይ የሚለጠፈውን። የአደይ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም "ቢደንስ" (Bidens) የሚባለው የዕፅዋት ወገን ናቸው። እሱ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ እንግዳ ነው፣ ማንም አይዘራውም፣ ሁሌ አለ። ምነው እሱን አቃጥላው በሆነ።

ተናድጃለሁ? እንጃ። ልማዱ የመጣው በ1911 ዓ.ም. ከነበረው የኅዳር በሽታ ነው፤ ያን ያህል ሰው ካለቀበት ነገር ጋር ለአበባ ብዬ ልሟገት?

"ለመስቀል እገዛልሻለሁ" አለችኝ። ልጆቹ የሚሸጡትን ማለቷ ነው። እሱም እኮ ሳያፈራ የተቀጠፈ ነው... ተዉት።

ምናልባት ሳትነቅለው በፊት የረገፈ ይኖራል፤ ነፋስ ነበር። ግን ትናንት ደግሞ የጎመን ዘር የት እንዳስቀመጥኩ ስትጠይቀኝ ነበር። ለየትኛው መደብ እንደሆነ አልጠየቅኳት። ጎመኑንም እኮ እወደዋለሁ፣ እና...