ካሜሏን እንቀባት፦ ሸራ፣ ክር እና የጉሎ ዘይት

ሰላም ጎበዝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ከባሕር ዳር ነኝ፣ ከዚችው ከምታውቋት ጠረጴዛ። መብራት አለ፤ እሱ ራሱ ዜና ነው። ከጀርባ የምትሰሙት ባጃጅ ነው፣ ይቅርታ። መስኮቱን ብዘጋው የቀለሙ ሽታ ይደፋኛል።

ባለፈው ገጣጥመን ያቆምናት የፕላስቲክ ሞዴል ይቺውና። ሶፕዊዝ ካሜል። የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1917 ግንባር የገባች። ካሜል ማለት ግመል ነው። ለምን ግመል? እዩዋት። ከአብራሪው ፊት ሁለት መትረየስ አለ። የመትረየሶቹን ኋላ የሸፈነው ቆርቆሮ ጉብ ብሎ ሻኛ መስሏል። በቃ፣ ከዚያ ነው ስሟ። ጎጃም ብትሠራ ኖሮ "በሬው" ትባል ነበር።

የእውነተኛዋ ክንፍ ከጫፍ ጫፍ 8 ሜትር ከ53 ሳንቲ ነው። የእኔዋ 1 ለ72 ናት፣ ማለት የእውነተኛዋ 72ኛ እጅ። 12 ሳንቲ እንኳ አትሞላም። እስክሪብቶ ይበልጣታል።

እሺ፣ ወደ ቀለሙ። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ብርማ ቀለም ነው። አውሮፕላን ሲባል ብረት ነዋ የሚታየን። ይቺ ግን ብረቷ ትንሽ ነው። እንጨት ናት፣ ሽቦ ናት፣ ጨርቅ ናት። በተለይ ጨርቅ። የተልባ እግር ጨርቅ በእንጨት አጥንት ላይ ተወጥሮ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ታገሡኝ። አያቴ ብራና ያዘጋጁ ነበር፣ ምሥራቅ ጎጃም፣ ወደ ዲማ በኩል። የፍየል ቆዳ ውሃ ውስጥ ይከርማል። ከዚያ አራት ማዕዘን የእንጨት ፍሬም ላይ ይወጠራል። የቆዳው ጠርዝ ዙሪያውን ይበሳና ገመድ ይገባበታል፣ ገመዱ ከእንጨቱ ጋር ይታሰራል። አባባ ዞር እያሉ አንዷን ገመድ ጠበቅ፣ ሌላዋን ጠበቅ ያደርጋሉ። ከዚያ ይፍቁታል። እርጥብ ሳለ በጣቴ ስመታው ዱብ ይላል፣ እንደ ሊጥ። ፀሐይ ከመታው በኋላ ግን ድንን ይላል፣ እንደ ከበሮ። ደርቆ ራሱን ወጥሯላ! አባባ ወደ ብርሃን ከፍ ሲያደርጉት ከወዲያ በኩል የጣታቸው ጥላ ይታየኛል።

የካሜሏ ክንፍ ማለት ይኼው ነው። ጨርቁ አጥንቱ ላይ ከተሰፋ በኋላ ዶፕ የሚባል ቫርኒሽ መሰል ነገር ይቀባል። ዶፑ ሲደርቅ ጨርቁን ያኮማትረዋል፣ ይወጥረዋል፣ ዝናብም እንዳያሳልፍ ያደርገዋል። እና ቀለም ያልገባበት ዶፕ ብቻ የተቀባ ጨርቅ ምን ይመስላል? ብራና! ያው ወተት ላይ ማር ጠብ ያለበት ዓይነት መልክ። የካሜሏ የክንፎቿ ሆድ እንዲህ ነው። ከሥር ሆነህ ወደ ፀሐይ ካየሃት የውስጥ አጥንቷ እንደ አባባ ጣት ጥላው ይታያል።

የኪት፣ ማለት የተገጣጣሚ ሞዴል፣ አምራቾች ላይ ያለኝ ቅሬታም እዚህ ጋ ነው። በአጥንቶቹ መሃል ጨርቁን ያረግቡታል። የከሳ ፈረስ ጎድን አስመስለውታል። የተወጠረ ነገር እንዲህ አይረግብም! የረገበ ብራና ላይ ማን ይጽፋል? በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ ከውሃ ጋር፣ ቀስ ብላችሁ አለስልሱት። ጎጃሜዎች ነንና በቅኔ ልናገረው፦ ሰሙ ፕላስቲክ ነው፣ ወርቁ ሸራ።

አሁን ሥራው። ይህን ታውቁታላችሁ፣ በሩጫ ነው የማልፈው። ክንፏ ድርብ ነው፣ ላይና ታች። የላይኛውን ክንፍ እንዳትለጥፉ፣ ለብቻው ይቀባል። መነሻ ቀለም ቀቡ። ለሆዷ ነጭ፣ ጠብታ ቢጫ፣ ከጠብታ ያነሰ ቡናማ። ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ስስ ስስ አድርጋችሁ። ለጀርባዋ ፒሲ 10 የሚባለው ቀለም ነው። ቡናማ ነው፣ አረንጓዴ ነው እያሉ ፈረንጆቹ እስከ ዛሬ ይጨቃጨቃሉ። እኔ ያደረ ጎመን ነው እላለሁ። ጨርሻለሁ። ከዚያ አንጸባራቂ ቫርኒሽ፣ ከዚያ በውሃ የሚለጠፉት ክብ ምልክቶች፣ መሃሉ ቀይ፣ ቀጥሎ ነጭ፣ ዳሩ ሰማያዊ። ከዚያ የማያንጸባርቅ ቫርኒሽ። ከዚያ የላይኛው ክንፍ። በቃ።

ሽቦዎቹ ቀሩ። በሁለቱ ክንፎች መሃል ያሉት ሽቦዎች የአባባ ገመዶች ናቸው፣ ክንፉን ወጥረው የሚይዙት። የምንሠራቸው ከራሱ ከፕላስቲኩ ነው። ዕቃዎቹ ተያይዘው የመጡበትን ዘንግ እንዳትጥሉት! ጧፍ አብሩ። አዎ፣ ጧፍ፣ እሳቱ ትንሽ ስለሆነ። ዘንጉን ከነበልባሉ ከፍ አድርጋችሁ ያዙ፣ አትንኩት። እያሽከረከራችሁ... ሲልም፣ ሲለሰልስ... ከእሳቱ አውጡና ሳቡ! አያችሁ? ፀጉር ሆነ። በልኩ ቁረጡት፣ ጫፉን በሱፐር ግሉ ነካ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ከረገበ ደግሞ ክብሪት አጥፍታችሁ ትኩስ ጫፉን ጠጋ አድርጉለት፣ ራሱን ይወጥራል። በጣም ካስጠጋችሁት ይበጠሳል። እኔ ትናንት ሦስት በጥሻለሁ፣ አንዱን የበጠስኩት ደግሞ እያዛጋሁ ነው።

ላይክ ያላደረጋችሁ እስከዚያው አድርጉ። እኔ ፕላስቲክ ስስብ እናንተ አንድ ነገር መጫን አያቅታችሁም።

አሁን ወደ አስተያየቶቹ። ባለፈው ቪዲዮ ሞተሯን ከፕሮፔለሩ ጋር አንድ ላይ ለጥፌ በጣቴ ሳሽከረክራት አይታችኋል። ወይ ጉድ! "ወንድሜ ተሳስተሃል፣ የሚዞረው ፕሮፔለሩ ነው።" "ሞተር ይዞራል እንዴ?" አንዱማ "የመኪና ሞተር ሲዞር አይተህ ታውቃለህ?" ብሎኛል። አላየሁም። ካየሁ እወርዳለሁ።

ግን የካሜሏ ሞተር ይዞራል። ሙሉው! ዘጠኙም ሲሊንደር። ሮታሪ ይባላል። በመኪና ሞተር አካሉ ቆሞ ዘንጉ ይዞራል። እዚህ ግልባጭ ነው። ዘንጉ ከአውሮፕላኑ አካል ጋር ታስሯል፣ ሲሊንደሮቹ ከፕሮፔለሩ ጋር አብረው ይሽከረከራሉ። ለምን እንዲህ ተደከመ? እየዞሩ ንፋስ ስለሚያገኙ ይቀዘቅዛሉ፣ ውሃና ራዲያተር አያስፈልግም፣ ክብደት ይቀንሳል። ዕዳም አለው። ያ ሁሉ ብረት አፍንጫዋ ላይ ሲሽከረከር ካሜሏ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ እንደ እንዝርት ነው። ጀማሪ አብራሪ ካልተጠነቀቀ ይዛው ትወርዳለች። ብዙ ተማሪ ገድላለች።

ዘይቱስ? እዚህ ላይ ነው የምትስቁት። የጉሎ ዘይት ነው! እናቶቻችን የሚያውቁት ጉሎ፣ አጥር ሥር የሚበቅለው። በሮታሪ ውስጥ ቤንዚኑ በሞተሩ ሆድ በኩል ነው የሚያልፈው። ተራ ዘይት ቢሆን ቤንዚኑ ያቀጥነዋል፤ ጉሎ ግን ከቤንዚን ጋር እንደዋዛ አይዋሃድም። ችግሩ ዘይቱ ተመልሶ አይመጣም፣ እየተረጨ ይወጣል። አብራሪው ፊት ላይ ሁሉ። ጉሎ ሆድ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። እነዚያ አብራሪዎች በአፍ በአፍንጫ እየሳቡት ሆዳቸውን ያስቀምጣቸው ነበር ይባላል። እስቲ አስቡት፣ ሰማይ ላይ፣ ጠላት ከኋላ!

ስለዚህ "ሞተር አይዞርም" ያላችሁኝ ወዳጆቼ፣ አመሰግናለሁ። ቀጣዩን ቀለም እናንተ ናችሁ ያመጣችሁልኝ። የተረጨው ዘይት ነፋስ እየገፋው በሆዷ ሥር ወደ ኋላ ይሄዳል። ቡናማ ቀለም በጣም አቅጥኑ፣ ሻይ እስኪመስል። ከሞተሩ ሥር ጀምራችሁ ወደ ጭራው ብቻ ሳቡት። ወደ ጎን አይሄድም፣ ነፋስ ወደ ጎን አይነፍስባትም። ጨርሶ ሳይደርቅ በእርጥብ ብሩሽ ጠርዙን አደብዝዙት።

በሚቀጥለው ፖቴ 25ን እንጀምራለን። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያረፈችው የመጀመሪያዋ አውሮፕላናችን፣ ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ከጅቡቲ ያበረራት። ኪት አላገኘሁም፣ ከባዶ ነው የምሠራት። ሰብስክራይብ አድርጋችሁ ጠብቁኝ።

ቆይ፣ እማዬ ቡና ይዛ ገባች። ካሜሏን ገልብጣ ሆዷን አየችው።

"ሳምንት ሙሉ ለፍተህ ለፍተህ፣ ምነው መጨረሻ ላይ አቆሸሽካት?"

"ጉሎ ነው እማዬ።"

"በል አምጣት፣ በሳሙና ልጠብልህ።"

ኧረ እማዬ! ቻው ጎበዝ፣ ልሩጥ!