አስቴር ግሪንዉድ አልሞተችም

ውድ ታዳሚዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አሜሪካዊቷ ገጣሚ ሲልቪያ ፕላዝ ልብወለድ፣ ስለ «ዘ ቤል ጃር» (የመስታወት ክዳን) ነው። የዚህ መጽሐፍ ነገር ሲነሣ ወሬው ቶሎ ወደ ደራሲዋ ሞት ያመራል። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1963 ለንደን ውስጥ በብዕር ስም ታተመ። ወር እንኳን ሳይሞላው ፕላዝ በ30 ዓመቷ ራሷን አጠፋች። ከዚያ ወዲህ ብዙ አንባቢ ዋና ገጸ ባሕሪዋን አስቴርንም እንደ ሟች ነው የሚያያት።

እኔ በዚህ አልስማማም። ታሪኩ በአብዛኛው ከፕላዝ ሕይወት የተቀዳ ነው፣ እሱስ ልክ ነው። ግን መጀመሪያው ምዕራፍ ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፣ ብዙ ሰው ያልፋታል። አስቴር ኒውዮርክ ሳለች በስጦታ ካገኘችው የመነጽር ማኅደር ላይ የፕላስቲክ ኮከብ ዓሣ ቆርጣ ለሕፃኑ መጫወቻ እንደሰጠችው ትነግረናለች። ይኼን ሁሉ የምታወራን ልጅ ያላት፣ በሕይወት ያለች ሴት ናት ማለት ነው።

ወደ አእምሮ ሕመሟ ልምጣ። አስቴር በ1953 ክረምት ከኒውዮርክ ወደ ቤቷ ስትመለስ ሦስት ሳምንት ፀጉሯን አትታጠብም። ነገም መታጠብ ካለብኝ ዛሬ መታጠቡ ምን ይፈይዳል ባይ ናት። እንቅልፍ የለም። ለጓደኛዋ ደብዳቤ ልጻፍ ስትል የእጅ ጽሑፏ የሕፃን ልጅ ይሆንባታል። ልብ በሉ፣ ይህች ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ ሽልማት ስታፍስ የኖረች ናት። ማንነቷ ያ ነበር። መጻፉ ሲከዳት «እኔ» የምትለው ነገር አብሮ ጠፋ።

«ትንሽ ወጣ በይ፣ አየር ቀይሪ» ለሚል ሰውም መልስ አላት። መርከብ ላይም ብሆን፣ ፓሪስ ወይም ባንኮክ ካፌ ብቀመጥም፣ ያው የመስታወት ክዳን ሥር የራሴን የተበላሸ አየር ነው የምተነፍሰው ትላለች።

የበለስ ዛፏን ሁሉም ይጠቅሳታል። እያንዳንዷ በለስ አንድ ሕይወት ናት፤ ትዳር፣ ገጣሚነት፣ ፕሮፌሰርነት። አስቴር መምረጥ አቅቷት ፍሬው ሁሉ ይረግፋል። የማይጠቀሰው ቀጣዩ ነው። ምግብ ስትቀምስ ቀለል ይላታል፣ ያ ሁሉ ሐሳብ ምናልባት ከባዶ ሆድ የመጣ ይሆናል ብላ ታስባለች። ፕላዝ ቀልደኛ ናት እኮ! ይህን ስንረሳ መጽሐፉ እንጉርጉሮ ብቻ ይመስለናል።

አስቴርን የሚያክሙትን ሁለቱን የአእምሮ ሐኪሞችም አስተያዩአቸው። ዶክተር ጎርደን የቤተሰቡን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ፣ ስለ ኮሌጇ ቆነጃጅት ያወራላታል። ዶክተር ኖላን ግን የኤሌክትሪክ ሕክምና ከመኖሩ በፊት እነግርሻለሁ ብላ ቃል ትገባለች። በዕለቱ ጠዋት አስቴር ቁርስ ሳይመጣላት ሲቀር ሕክምናው የእሷ መሆኑ ገብቷት ተከዳሁ ብላ ስታለቅስ፣ ሐኪሟ መጥታ ታቅፋታለች። ማታ ያልነገርኩሽ ሌሊቱን ሙሉ እንዳትጨነቂ ነው ትላታለች፣ ራሷም አብራት ትሄዳለች። አስቴር መተንፈስ የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ ይለኛል። ሆስፒታል ውስጥ ምግብ የሚያቀርበውን ጥቁር ሠራተኛ አስቴር በእርግጫ ትመታዋለች፣ ትረካውም እሱን መሳለቂያ ያደርገዋል። ታማ ነው ብለን እንለፈው? እኔ አልችልም። ውይይቱን ከዚህ ብንጀምረው ደስ ይለኛል። መድረኩ የእናንተ ነው።